እየሠሩ ዲግሪን በሁለት ዓመት መጨረስ ይቻላል? ከባሕር ዳር የተነሣ ጥያቄና የተከተለው ክርክር

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ያነሣችው ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ሌቭል 4 ጨርሳለች፤ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘናም አልፋለች። አሁን ዲግሪ መያዝ ትፈልጋለች። ሥራዋን ግን መልቀቅ አትችልም። የቤት ኪራይ አለባት፤ የምታስተምረው ታናሽ ወንድምም አላት። አንድ ኮሌጅ ሄዳ ስትጠይቅ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየተማረች በሁለት ዓመት እንደምትመረቅ ነገሯት። ይህ እውነት ይሆናል ወይ ነው ጥያቄዋ። ቢሆንስ፣ በዚህ ፍጥነት የተያዘ ዲግሪ ነገ ዋጋ ይኖረዋል ወይ?

ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄዋ ሥር የተደረደሩትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጥሩ ምክር ከዘለፋው ጋር ተደባልቆ እንዳይቀር ብዬ መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይም ሐሳቤን እናገራለሁ። በዚህ ከተማ ቀን ሠርተው ማታ ደብተር የሚይዙ ሰዎችን በቅርብ ስለማውቅ ነገሩ ያሳስበኛል።

1ኛው መልስ አጭርና ትሕትና ያለው ነው። ጸሐፊው ልጅቷን አበረታታት፤ ከዚያ አንድ ብር ሳትከፍል በፊት የኮሌጁን ዕውቅና እንድታጣራ መከራት። ይህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። ዕውቅና ለኮሌጁ ስም ብቻ አይሰጥም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው። የርቀት ትምህርት ደግሞ ለብቻው ይታያል። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ አካውንቲንግን በዲግሪ እንዲያስተምር ቢፈቀድለት፣ ባሕር ዳር ያለውም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የትኛውን ፕሮግራም፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚል ቆሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

2ኛው መላሽ ሁለት ዓመት የሚባል የመጀመሪያ ዲግሪ በአገራችን እንደሌለ በእርግጠኝነት ጻፈ። ድሮ ሦስት ዓመት የነበረው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ አራት ዓመት መሆኑንም አስታወሰ። ልክ ነው። ግን 3ኛው ወዲያው አረመው። ከሌቭል 4 ለሚመጣ ተማሪ አንዳንድ ኮርሶች በኤግዘምፕሽን ሊታለፉ እንደሚችሉ፣ ያኔ ዓመቱ እንደሚያጥር አስረዳ። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኤግዘምፕሽን የሚሰጠው ትምህርት ክፍሉ ትራንስክሪፕቱን አይቶ፣ የኮርሱን ይዘትና ያገኘሽውን ውጤት መዝኖ ነው። ምዝገባ ክፍል ያለው ሰው በቃል ስለነገረሽ አይሆንም። የትኞቹ ኮርሶች እንደተያዙልሽ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘሽ ውጪ።

4ኛው መልስ ከሜሪላንድ የመጣ ነው። ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ሙሉ ጊዜ ትሠራለች፤ ጎን ለጎንም ትማራለች። በአሜሪካ ሠራተኛ ሰው ዲግሪውን የሚያፋጥነው እንዴት እንደሆነ ዘርዝራ ጻፈች። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ኮርሶች ክፍል ሳይገቡ፣ ክሌፕ የሚባለውን ፈተና ወስዶ ማለፍ ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው ያ ክሬዲት ይያዛል። በ1997 እንደ ፈረንጆቹ የተመሠረተው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ክፍያውን የሚያስከፍለው በየስድስት ወሩ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት ኮርስ ጨረስሽ ስምንት፣ ዋጋው አንድ ነው። የምታውቂውን ኮርስ ተፈትነሽ ወዲያው ታልፊዋለሽ፤ በማታውቂው ላይ ትቆያለሽ። ከአገር ቤት ሆኖ በኦንላይን መማር ለሚፈልግ ደግሞ በ2009 እንደነሱ አቆጣጠር የተመሠረተውን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕልን ጠቆመች። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ በየኮርሱ የሚከፈል የምዘና ክፍያ ግን አለው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው 5ኛው መልስ ነው። የሒሳብ መምህር ነው የጻፈው። ማንንም አልነቀፈም፤ ቁጭ ብሎ ደመረ። በአሜሪካኖቹ ስሌት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ የግል ጥናት ነው፤ ይህ ለ15 ሳምንት ይቀጥላል። 45 ሰዓት ማለት ነው። 120 ክሬዲት በ45 ሲባዛ 5,400 ሰዓት ይመጣል። ክረምቱም ተቆጥሮ በአራት ዓመት ሲካፈል በሳምንት 26 ሰዓት ገደማ ነው። በሁለት ዓመት ሲካፈል ግን 52 ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ነው። 48 እና 52 ሲደመር መቶ። ሳምንቱ በጠቅላላ 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ከተኛሽ 49ኙ ይሄዳል። የሚተርፈው 19 ሰዓት ነው፤ በቀን ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ባጃጅ መጠበቁ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ ሁሉም በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

መምህሩ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ነገር ወደ 4ኛው መልስ ይመልሰናል። እነዚያ በሁለት ዓመት የሚጨርሱት ሰዎች ሰዓቱን አላጨናነቁትም። ቀድሞ የሚያውቁትን በፈተና አስይዘው፣ የቀረውን ብቻ ነው የተማሩት። ስለዚህ ልጅቷ መጠየቅ ያለባት በስንት ዓመት እንደምትጨርስ ሳይሆን፣ ከሌቭል 4 ይዛው የምትገባው ስንት ኮርስ እንደሆነ ነው። ይህን በደንብ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

6ኛው ለ4ኛዋ ጥያቄ አቀረበ። ከውጭ ተቋም በኦንላይን የተያዘ ዲግሪ እዚህ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይቀበለዋል ወይ? የአቻ ግምት የሚሰጠው ያው ባለሥልጣኑ መሆኑን 7ኛው ነገረው። ክፍያ ከመጀመሩ በፊትም ሄዶ እንዲጠይቅ መከረው። ከተመረቁ በኋላ ሄዶ ከመደንገጥ ይሻላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

8ኛው መልስ የአንድ ባንክ ካሸር ታሪክ ነው። የማታ ተማሪ ነበር። ክፍል የሚጀምረው 11:30 ላይ ነው። ካሸር ደግሞ ሒሳቡ ካልተዘጋ ከመስኮቱ አይነሣም። የሚድ ፈተና ቀን ካዝናው 200 ብር ጎደለ። እስሩን ሁሉ ፈትቶ እንደገና ቆጠረ፤ አልተገኘም። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ሁለት ባለ 200 ብር ኖቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ተቆጥረው ኖሮ በመጨረሻ ተገኘ። እሱ ቦርሳውን ሲያነሣ ፈተናው አልቋል። መምህሩ ድጋሚ አልፈተነውም። ኮርሱ ተበላሸ፤ ያ ኮርስ ደግሞ ተመልሶ የሚሰጠው በዓመቱ ነው። ሌሎች ሁለት ኮርሶች እሱን ካላለፉ የማይወሰዱ ስለነበሩ እነሱም አብረው ቆሙ።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እየሠራ የሚማር ሰው ዓመቱ የሚበላው እንዲህ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ችሎታ ማነስም አይደለም። አንድ ምሽት ሥራ ቦታ መቅረት ነው። ካሸሩ በኋላ ያደረገው ብልህነት ነው። ሥራ አስኪያጁን አነጋግሮ ከካሽ መስኮት ወደ አካውንት መክፈቻ ዴስክ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ፈተና አላመለጠውም። እኔ ዲግሪን ማፋጠን የምለው ይህንን ነው። ኮርስ አለመድገም፣ ምዝገባ አለማሳለፍ፣ ፈተና አለመቅረት። በአራት ዓመት የሚያልቀውን በስድስት ዓመት ከመጨረስ የዳነ ሰው ሁለት ዓመት አተረፈ ማለት ነው።

9ኛዋ ነርስ ናት። ከካሸሩ ጋር ተስማማች፤ የሷ ጣጣ ግን ተረኛነት ነው። የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ቀን ጠዋት ክፍል ገብታ የሰማችው ነገር አንድም አይያዛትም። ስለዚህ ወሩ ሳይገባ የፈተና ፕሮግራሟን ይዛ ተረኛ መዳቢዋ ዘንድ ትሄዳለች። ከባልደረቦቿ ጋር ተራ የምትለዋወጥበት ደብተርም አላት። ማን እንዳገዛት፣ ለማን የስንት ቀን ተራ እንዳለባት ትጽፋለች፤ ዕዳዋን በበዓል ቀን ትከፍላለች። ፋሲካን ሥራ ላይ ማሳለፏ ቅር እንደማይላት ጽፋለች።

10ኛው የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለሚማር ሠራተኛ የሚሰጠውን ፈቃድ ለኅብረት ስምምነት ወይም ለድርጅቱ የሥራ ደንብ እንደተወው አስረዳ። ስለዚህ ልጅቷ የሆቴሉን የሥራ ደንብ ጠይቃ እንድታነብ፣ ጥያቄዋንም በማመልከቻ እንድታቀርብ መከራት። በቃል የተፈቀደ ነገር አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ጠቃሚ መልስ ነበር፤ ማንም ግን አልመለሰለትም።

ምክንያቱም 11ኛው መልስ ወሬውን ወሰደው። ማታ መብራት ሲጠፋ የት ይጠናል የሚል ጥያቄ አነሣ። 12ኛው ፔዳ በሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ያሉ ካፌዎች ጄኔሬተር እንዳላቸው፣ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ እንደሚቻል ነገረው። 13ኛው የፖሊ ሰፈር ሰው ነው፤ የፔዳ ካፌ ጫጫታ እንኳን ለጥናት ለወሬም እንደማይመች ተከራከረ። 14ኛው አባይ ማዶ የሚኖር ነው። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ወደ ከተማ መሻገር ስለቀለለው፣ የሚያጠናው ጠዋት በማለዳ ጣና ዳር ወርዶ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ ስለ ዓሣ ጥብስ ዋጋ ሁለት ሰዎች ተነጋገሩ። የቆራጣ ዓሣ ይሻላል የዘጌ እያሉ ጥቂት ቆዩ። ይህንን አልፌዋለሁ።

15ኛው ሲገባ የክሩ መልክ ተለወጠ። ሰውየው በቀጥታ ልጅቷን ተናገራት። አገሩ በዲግሪ እንደተጥለቀለቀ፣ ሁሉም ወረቀት ለመልቀም እንደሚሮጥ፣ ሆቴል ቤት ያለ ሰው ዲግሪ ምን እንደሚሠራለት ጠየቀ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የመመረቂያ ጥናት በገንዘብ እንደሚሸጥም አነሣ፤ ለሷም ያው እንደሚጠብቃት ገመተ።

የመመረቂያ ጥናት ገበያው እውነት ነው። ማስታወቂያው መብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ሁላችንም አይተነዋል። ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። ግን በዚያ ምክንያት አንዲት ለፍታ ለመማር የተነሣችን ልጅ መጠርጠር ግፍ ነው። እሷ የጠየቀችው በአቋራጭ ስለሚገኝ ወረቀት ከሆነ፣ ዋጋ ይኖረዋል ወይ ብላ ለምን ትጨነቃለች?

16ኛዋ የመለሰችለት በቁጣ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ በዲፕሎማ ብዙ ዓመት እንደሠራች፣ አዲስ የሚቀጠሩትን ሥራ እያስለመደች እነሱ አለቃ ሲሆኑባት እንዳየች ጻፈች። የሥራ መደቡ ዲግሪ ስለሚጠይቅ ማመልከት እንኳ አልቻለችም። ወረቀቱን የጠየቀው መሥሪያ ቤቱ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ነገረችው። እሱ በ17ኛው መለሰ፤ እሷ በ18ኛው። ሁለተኛው ዙር ላይ ነገሩ ከትምህርት ወጥቶ ወደ ግል ስድብ ገባ፤ የክሩ ተቆጣጣሪ ሁለት መልሶችን አጠፋ።

19ኛው መልስ ያበረደው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው የጻፉት። አንቱ እያሉ የጠሯቸው በርካታ ናቸው፤ አንዳንዱም ጋሼ አላቸው። ዲግሪያቸውን የያዙት በክረምት ፕሮግራም ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ገጠር ያስተምራሉ፤ ሐምሌ ሲገባ ፍራሻቸውን አስረው ባሕር ዳር ፔዳ ይመጣሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ፊት ወንበር ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። እዚያ የነበሩት ግማሾቹ የልጆች አባትና እናት ናቸው። ክረምት በክረምት እየቀጠሉ ጨረሱ፤ ደመወዛቸው አንድም ወር አልተቋረጠም። ለ15ኛውም ለ16ኛዋም ክፉ ቃል አልተናገሩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ጠቅሰው ልጅቷ ከዓመቱ ይልቅ ኮርሱን እንድትቆጥር መከሩ።

20ኛው ወደ ዋናው ጉዳይ መለሰን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። መንግሥታዊ ሆነ የግል፣ መደበኛ ሆነ የማታ፣ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት አብዛኞቹ አላለፉም። ይህ ሰው ራሱ የወደቀ፣ ከዚያ ደግሞ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ያስተዋለው ነገር ሌላ ማንም ያላነሣው ነው። በኤግዘምፕሽን የታለፉ ኮርሶች ፈተናው ላይ ይመጣሉ። እሱ ኮስት አካውንቲንግን በዲፕሎማ ስለወሰደው ታልፎለት ነበር፤ ፈተና ላይ ሲያገኘው ግን ከረሳው ቆይቷል። ለሁለተኛው ዙር የተዘጋጀው የታለፉለትን ኮርሶች ሞጁል ከጓደኛ ተውሶ ነው።

እዚህ ላይ 21ኛውን መልስ እኔ ጻፍኩ። ለልጅቷ ያልኩት ይህን ነው። በሁለት ዓመት የሚለው ቃል የኮሌጁ ማስታወቂያ ነው፤ ያንቺ ዕቅድ አይሁን። ትራንስክሪፕትሽን ይዘሽ ሦስት ቦታ ጠይቂ፤ የሚያዝልሽን ኮርስ በጽሑፍ አስሰጪ። የቀረውን ለሴሚስተር አካፍይው። በአንድ ሴሚስተር ከአራት ኮርስ በላይ አትውሰጂ፤ ክረምት ላይ የሚሰጥ ኮርስ ካለ ግን አያምልጥሽ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልፍ ራስሽን ታውቂዋለሽ፤ ያኔ መጨመር ይቻላል። ሆቴሉ ፈረቃሽን ካላስተካከለ ደግሞ ምዝገባውን ከመጀመርሽ በፊት እወቂው። ሦስት ዓመት ተኩል ቢወስድም አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም። የመምህሩን 19 ሰዓት አስታውሺ፤ ታናሽ ወንድምሽም የሚያይሽ በዚያች ጊዜ ነው።

22ኛው በእኔ መልስ አልተስማማም። ከአራት ኮርስ በላይ እየወሰደ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ሙሉ ቀን እየሠራ በጥሩ ውጤት እንደጨረሰ ጻፈ። እንኳን ደስ ያለው። ግን ያላገባ፣ እናቱ ቤት የሚኖር፣ ምግቡ ተሠርቶ የሚጠብቀው መሆኑን ራሱ ጽፏል። የሱ መቶ ሰዓትና የልጅቷ መቶ ሰዓት አንድ አይደለም።

23ኛው የኢንተርኔት ጉዳይ አነሣ፤ መነሣት ያለበት ነገር ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በኦንላይን የሚማሩት ምን እንደደረሰባቸው የሚያውቅ ያውቃል። አሳይመንት መላክ አልተቻለም፤ የፈተና ቀን አለፈ። ስለዚህ 4ኛዋ የጠቆመችውን መንገድ የሚመርጥ ሰው ማንበቢያውን አስቀድሞ አውርዶ ያስቀምጥ፤ ትምህርት ማቋረጥና መቀጠል እንዴት እንደሚፈቀድም አስቀድሞ ይጠይቅ። 4ኛዋም ተመልሳ በዚህ ተስማማች።

24ኛው መልስ የልጅቷ የራሷ ነው። ሁሉንም አመሰገነች፤ 15ኛውንም ጭምር። ወደዚያ ኮሌጅ ተመልሳ ሄዳ ፈቃዱን ስታነብ አካውንቲንግ በዲግሪ ደረጃ አልተጻፈበትም። በሂደት ላይ ነው አሏት። እሷም አልተመዘገበችም። ሌላ ቦታ ትራንስክሪፕቷን አስገብታ መልስ እየጠበቀች ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ማመልከቻዋን ተቀብሎ ለአንድ ሴሚስተር ከሌሊት ፈረቃ ሊያወጣት ተስማምቷል፤ በምትኩ እሑድ ከሰዓት ትሠራለች። አሁን የምትፈልገው የኮስት አካውንቲንግ ሞጁል ነው፤ የታለፈላትን ኮርስ ከወዲሁ ማንበብ ጀምራለች።

20ኛው ሞጁሉ እሱ ጋ እንዳለ ወዲያው ጻፈላት። የመጨረሻው ምዕራፍ ሁለት ገጽ የጎደለው ነው። እነዚያን ገጾች ያለው ሰው ካለ ፎቶ አንሥቶ እዚሁ ይለጥፍ።